ባለ አንድ ሰው ጀልባ

ማስቲሽ ሸተተኝ። ነገሩ ሁሉ የተቀሰቀሰው በዚህ ነው። ትናንት ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ የጎን ሸራዋ በነፋስ ተቀዶ ይርገበገብ ነበርና፣ ሾፌሩ "ቲቸር፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ይታገሱኝ" ብሎ ሸራ የሚጠግነው ሰውዬ ደጃፍ አቆመ። ጅጅጋ ውስጥ አንዴ ያስተማረ ሰው እስኪሞት ቲቸር ነው። ሰውዬው ማስቲሹን ከቆርቆሮ በብሩሽ እያነሳ ሸራው ላይ ሲለቀልቅ ያ ራስ የሚያዞር ሽታ መጣና ከሃያ ዓመት በፊት ወደነበረው ግቢያችን ወሰደኝ። ጭንቅላቴን ይዤ ወረድኩ። ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ አንዲት ወፍራም አሮጊት ሰማያዊ ገረባሳር ተከናንባ፣ ከዘራ ተደግፋ ታየኛለች። አይሻ ናት። እውነቱን ልናገርና ፊቴን ላዞር ነበር። እሷ ግን ድሮም እንዲህ ናት፤ መኪናውን ሁሉ በእጇ አስቁማ ተሻገረች። "አባዮ!" አለችኝ። እህቴ ማለቷ ነው። ስንት ዓመት ያላየችኝ ሴት ትናንት የተለየችኝ ይመስል ክንዴን ይዛ "ነይ፣ ሻይ እንጠጣ" ብላ ጎተተችኝ። ሻይ ቤት ያለችኝን ከመናገሬ በፊት ግን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ አለዚያ አይገባችሁም።

ያን ጊዜ ጅጅጋ እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልነበረችም። ከሰፈራችን እስከ ትልቁ ገበያ በፈረስ ጋሪ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ጭቃ ከሆነ ባለጋሪው ሰባ አምስት ይላል፣ እኛም "ፈረሱ ነው ወይስ አንተ ነህ የምትጎትተው?" እያልን በሃምሳው እንሄዳለን። ነፋሱ ያው ነው፣ አልተለወጠም። ካራማራ ግን ከጓሯችን ሙሉውን ይታይ ነበር፤ አሁን የጎረቤቴ ፎቅ ከልሎኛል። ሴቱ ሁሉ ስስ ሽቲ ነው የሚለብሰው። ከመሀል አገር የመጣን አስተማሪዎች እንኳ የቴትሮን ቀሚሳችንን ሻንጣ ውስጥ ከተን ሽቲ ማማረጥ ጀምረን ነበር። ልብሱ ከድንበር፣ ከዋጃሌ ይመጣል፣ ኬላው ላይ ፍተሻ አለ፤ ስለዚህ ወደ ሐረር የምትጓዝ ቀጭን ሴት አምስት ሽቲ ደርባ ወፍራ ትሄዳለች፣ በማግስቱ ቀጥና ትመለሳለች። ፈታሾቹም ያውቃሉ፣ እሷም እንደሚያውቁ ታውቃለች። ጥግ ላይ የነበረው ካሴት ቤት ጠዋት በዑድ የሚዜም የሶማሊ ዘፈን፣ ከሰዓት ደግሞ የእኛን ትዝታ ይከፍት ነበር። ባለቤቱን "ምነው በሰዓት ከፋፈልከው?" ሲሉት "ጠዋት አገሬው ይነግዳል፣ ከሰዓት መንግሥት ሠራተኛው ይናፍቃል" ይል ነበር። ጫት የጫነው መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ከካራማራ ቁልቁል ሲመጣ ከትምህርት ቤቱ ደወል ይልቅ ሰዓት የሚነግረን እሱ ነበር።

ባለቤቴ ግርማ ባሕርተኛ ነበር። ወጣትነቱን አሰብ ጨርሶ፣ ባሕር ኃይሉ ሲበተን በጅቡቲ በኩል ዞሮ ድሬዳዋ ደረሰ፣ ከዚያ የውሃ ፓምፕ መካኒክ ሆኖ ጅጅጋ ተቀጠረ። ሰፈሩ "ባድማህ" ይለው ነበር፤ በሶማልኛ መርከበኛ ማለት ነው። ሻይ ቤት ሲገባ "ባድማህ፣ መርከብህን የት አሰርካት?" ይሉታል። "ካራማራ ላይ" ይላል። አብሯቸው ይስቃል። እኔ ግን ሚስቱ ነኝና አውቃለሁ፤ ያ ሰው ባሕሩን ቀብሮ ነበር የሚኖረው፣ ለቅሶ የሚደርሰው አጥቶ።

አንድ ዓመት አላስችል አለውና ጀልባ ሊሠራ ተነሳ። ሽመል ከሐረር አስመጣ፣ አሮጌ የድንኳን ሸራ ገዛ፣ ማስቲሽ በቆርቆሮ ደረደረ። ወር ሙሉ ግቢው በማስቲሽ ታጠነ። እኔ ደብተር እያረምኩ ራሴን ያመኛል፣ እሱ ያፏጫል። መጨረሻ ላይ ሬንጅ ቀባትና ጥቁር፣ አስቀያሚ፣ ጎበጥ ያለች ነገር ሆና ወጣች። ግን ሁለት ሰው ትይዛለች፤ ከፊት ለእኔ ትንሽ ሳንቃ አድርጎልኛል፣ ከኋላ እሱ። ከከተማው ወጣ ብሎ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ ከብት የሚጠጣበት ትልቅ ኩሬ አለ። ጥሩ በዘነበ ዓመት ዳርና ዳሩ አይታይም፤ እሺ፣ አጋነንኩ፣ ይታያል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጀልባዋን ጋሪ ላይ ጭነን እንሄዳለን። ግመሎቹ ቀና ብለው ያዩናል፣ እረኞቹ ይስቃሉ። ግርማ እየቀዘፈ "ይሄ ኩሬ ነው፤ አንድ ቀን እውነተኛውን አሳይሻለሁ" ይለኛል። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፣ ባሕር የማውቀው በካርታ ነው። ጂኦግራፊ አይደል የማስተምረው? ሰማያዊ ጠመኔ ሲያልቅብኝ ቀይ ባሕርን በነጭ እስለው ነበር። ያቺ አስቀያሚ ጀልባ አንድ ቀን እንኳ ውሃ አስገብታ አታውቅም።

አይሻ ጎረቤታችን ነበረች፣ ሱቋም ከበራችን አለፍ ብሎ። ልብስ፣ ሽቶ፣ የጥፍር ቀለም፣ ባትሪ፣ የሌላት ነገር የለም። ለዒድ ወርቃማ ጠርዝ ባለው የአበባ ሳህን ሐልዋ ሞልታ ትልክልናለች። ሳህን ባዶ አይመለስም፤ እኔ ለፋሲካ ድፎ ቆርሼበት እመልሳለሁ፣ እሷ እንደገና ሞልታ ትልካለች። ስትመላለስ ስትመላለስ የሳህኗ ወርቅ ተፋቀ። አንድ ቀን ታዲያ ዕቃ ልታመጣ ወደብ ሄዳ ስትመለስ "ባድማህ፣ ያንተን ነገር በርበራ አየሁልህ!" አለችው። ከፍሪጅና ከፍራሽ ጋር በኮንቴይነር የመጣ፣ ማንም ምንነቱን ያላወቀው ነገር ነው። ነጋዴው የግመል ማጠጫ ገንዳ መስሎት፣ ግመል አፉን ቢያስገባ ጠበበው፤ ንቆ ጥግ አስቀመጠው። "ጫፏ ሹል ነው?" አላት ግርማ። "ሹል ነው።" "ርዝመቷስ?" አይሻ ከሱቋ በር እስከ ጋሪው ፈረስ ድረስ በእጇ አሳየችው። ግርማ የሻይ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። "የባሕር ካያክ ናት፣ የቀዘፋ ጀልባ" አለ። በሳምንቱ ሞተር ሳይክሉን ሸጠ።

ስትመጣ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ብርቱካንማ፣ ልስልስ ያለች ፕላስቲክ፣ የመቀመጫዋ ላስቲክ እንኳ ያልተላጠ። የምታስገባት ክፍል ስላልነበረን ግቢው ውስጥ ብሎኬት ደርድሮ ከቧንቧው እስከ በሩ ዘረጋት። አሮጌዋን አፈራረሳት። የአይሻ ዘመዶች አውበሬ የስደተኞች ካምፕ ነበሩና "ሸራው ጥላ ይሁናቸው" ብሎ ላከላቸው። "አዲስ ከመጣ አሮጌ ምን ይሠራል?" አለ እየሳቀ። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ውበት ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። መቀመጫዋ አንድ ነው። "እኔስ?" አልኩት። "አንቺማ ዳር ሆነሽ ታዪኛለሽ" አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። ግን ገባ፣ እዚህ ጋ ገባ። የሰው ሚስት በሴት ትቀናለች፤ እኔ በላስቲክ ቀናሁ።

በዚያው ሰሞን ለሥልጠና ድሬዳዋ ሄደ፣ ሦስት ሳምንት። ዝናቡ መጣ። ካያኳ አፏን ወደ ሰማይ ከፍታ ጠጥታ ጠጥታ ሞላች። ሰፈሩን ትኩሳት ገባው። የቀበሌ የጤና ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ውሃ ያቆረ ነገር ሁሉ ያስደፋሉ፤ ጎማ፣ ጀሪካን፣ ጣሳ። እኛ ግቢ ሲገቡ ቆመው አዩአትና "ቲቸር፣ ይሄማ የትንኝ ሆቴል ነው" አሉኝ። ልጄ ማህሌት በሁለተኛው ቀን ተኛች፣ እንደ ምጣድ ትግላለች። ጀልባዋን ልገለብጣት ጎረቤት ጠራሁ፤ ከብዳ ንቅንቅ አልል አለች። በጣሳ ቀዳሁ፤ ጫፎቿ ውስጥ የተወሸቀው አይወጣም፣ በማግስቱ ደግሞ ይዘንባል። ከሰል የምቆሰቁስባት ፌሮ ነበረችኝ። እሳት ውስጥ ጨመርኳት፣ ስትቀላ ይዣት ወጣሁና ካያኳን ከሆዷ ሥር አምስት ቦታ በሳኋት። ላስቲኩ ቲስ እያለ ጨሰ። ውሃው ሲንፎለፎል ደስ አለኝ። ለልጄ ብዬ ነው ብላችሁ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ከላይ ነግሬአችኋለሁ።

ማህሌት ዳነች፣ ተመስገን። ግርማ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ፍርሃት ያዘኝ። ፌሮዋን መልሼ ከሰል ልቆሰቁስባት አልቻልኩም፣ ከማገዶው ኋላ ወረወርኳት። ሻማ አቅልጬ ቀዳዳዎቹን ሞላሁ፣ ማስቲሽ ለቀለቅሁበት፣ ከአይሻ ሱቅ ብርቱካንማ የጥፍር ቀለም ገዝቼ ከላይ አለበስኩት። አይሻ "አንቺ ደግሞ መቼ ጥፍር መቀባት ጀመርሽ?" ብላ ሳቀችብኝ። እስኪመጣ ነው፣ ሲመጣ እነግረዋለሁ አልኩ። መጣ። ፊቱ በርቶ መጣ። ከዒድ በፊት የአይሻ መኪና ባዶውን በርበራ ወርዶ ዕቃ ያመጣል፤ ካያኳን ጭኖ ሊወስድለት ተስማምተዋል። "ቅዳሜ ኩሬው ላይ እሞክራታለሁ፣ ከዚያ ባሕር!" አለ። እኔም እሄዳለሁ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ኩራት ነው። ሐሙስ ልነግረው ስል እንግዳ መጣ። ዓርብ ሲያፏጭ ሰማሁትና አፌ ተያዘ። ቅዳሜ ቁርስ ላይ "ግርማ" አልኩት። "አቤት" አለኝ። "ኮፍያህን እንዳትረሳ" አልኩት።

ካያኳ ተደፍታ፣ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ በጋሪ ሄደች። ሻማ በጅጅጋ ቀትር! ያስተማርኩት ትምህርት የት ገብቶ እንደነበር እኔ አላውቅም። እረኛው፣ ውሃ ቀጂዋ፣ አላፊ አግዳሚው ዳር ቆመ። ግርማ የድሮ ነጭ ሸሚዙን ለብሷል። ገባና መቅዘፊያውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ሲያደርግ ጀልባዋ ውሃውን የምትነካው አትመስልም ነበር። ያን ዓይነት ሰው ማግባቴን አላውቅም ነበር፤ ትከሻው ተከፍቶ፣ አንገቱ ቀና ብሎ፣ ወጣት ሆኖ። መሀል ሲደርስ መቅዘፉን አቆመ። ወገቡን ዳበሰ። ከዚያ ካያኳ ቀስ እያለች ከሥሩ ወረደች፣ እሱም እስከ ደረቱ በጭቃ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቀረ። አንድ ሽማግሌ "ባድማህ! መርከብህ ግመል ናት እንዴ? ጠምቷት ኖሯል፣ ጠጣችልህ!" አሉ። ዳሩ ሁሉ ሳቀ። እኔም፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እወቁ፣ ከድንጋጤ ሳቅ አመለጠኝ። ቀና ብሎ አየኝ።

ጎትቶ አወጣት፣ ገለበጣት፣ የላላውን ቀለም በጥፍሩ ላጠው። አምስቱን ቀዳዳ አንድ በአንድ በጣቱ ነካ። "ደፍነው ነው የሸጡልኝ" አለ። "እኔ ነኝ" ማለት ሁለት ቃል ናት። አላልኩም። ሸሚዙን ሳይቀይር፣ ጭቃው እየተንጠባጠበ ቀጥ ብሎ አይሻ ሱቅ ገባ፤ እኔ ከኋላ ከኋላ። ሱቁ በደንበኛ ሞልቷል። "በሰም የተደፈነ ቀዳዳ ሸጥሽልኝ! ይሄን ሁሉ ዓመት በሳህን ስንመላለስ ኖረን!" ብሎ ጮኸባት። ግርማ ሰው ላይ ሲጮህ ያን ቀን ነው የሰማሁት። አይሻ በትከሻው ላይ አሻግራ በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን አየች። ፊቴን አየች፣ ከዚያ እጆቼን አየች። "ግርማ፣ ሂድ ልብስህን ቀይር፣ ይበርድሃል" አለች፣ ሌላ የለም።

መኪናው ያለ እሱ ሄደ። ዒድ መጣ፣ ሐልዋ አልመጣም። ሳህኗ በመጨረሻ እኔ ጋ ቀርታ ነበር፤ ሞልቼ እንዳልልክ አፈርኩ፣ ባዶ እንዳልልክ ነውር ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠች። አንድ ቀን ለግርማ የቀድሞ ተማሪዬን ልጠይቅ ነው ብዬ አውበሬ ሄድኩ፤ የአሮጌዋን ጀልባ ሸራ ካገኘሁ ለምኜ አመጣና በራሴ እጅ እሰፋታለሁ አልኩ። አገኘኋት። የአንዲት እናት ጎጆ ጣራ ሆናለች፣ ሬንጁ ዝናብ አያስገባም፣ ከሥሯ አራት ልጆች ተቀምጠው ሩዝ ይበላሉ። ሴትየዋ ሻይ አጠጣችኝ፣ ባለቤቴን መረቀችው። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲያ "ባሕር" የሚል ቃል ከግርማ አፍ አልወጣም። ማፏጨቱንም ተወ። ወር ሞልቶት ይሁን እንጃ፣ ፌሮዋን ወስጄ ልጥላት ከማገዶው ኋላ ብፈልግ የለችም። ቆራሌው ወሰዳት አልኩ፣ ግልግል። እሱ ደግሞ እንግዳ ጠባይ አመጣ። ደብተር ሳርም መጥቶ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። "አንድ ነገር ልትዪኝ ነበር?" ይለኛል። "ምንም" እላለሁ። "እሺ" ይላል፣ ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ ይወጣል። በወር አንዴ እንዲህ ያደርጋል። ብቸኝነት ነው፣ የሥራ ድካም ነው፣ ስንቱን ሰበብ ሰጠሁት። አራት ዓመት እንዲህ ኖርን። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ፓምፕ እየፈታ ሳለ ልቡ ቀጥ አለ። ለቅሶው ላይ አይሻ መጥታ ጥግ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ብዙ ሳትቆይ ሱቋን ዘግታ ዋጃሌ ገባች። ካያኳ እስካሁን ግቢዬ ውስጥ ተደፍታለች፣ ብርቱካኗ ነጥቶ፣ ዶሮ ከሥሯ እንቁላል ይጥላል። ዘንድሮ ሬዲዮው የአሰብ መንገድ ሊከፈት ነው ሲል ሰፈሩ እልል አለ። እኔ ሬዲዮውን አጠፋሁት።

እንግዲህ ትናንት ሻይ ቤት ተቀመጥን። ሻዩ በግመል ወተት መጣ። ስለ ጉልበቷ አወራችኝ፣ ስለ ስኳሯ አወራችኝ፣ ማህሌት ስንት እንደወለደች ጠየቀችኝ። እኔ ዓይኔን ከብርጭቆው አላነሳሁም።

"አይሻ፣ ሳህንሽ እኔ ጋ ናት" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"ባዶ መመለስ አፍሬ ነው።"

"አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።"

ከዚያ ወጣልኝ፣ ያ ሁሉ ዓመት ያልወጣው። "ጀልባዋን የበሳኋት እኔ ነኝ፣ አይሻ።"

ሻይዋን አማሰለች። "ሁለት ብልቃጥ ብርቱካንማ ቀለም ከእኔ ገዛሽ" አለች። "ጥፍርሽ ባዶ ነበር።"

"ታዲያ ያን ቀን ሰው ሁሉ ፊት ሲሰድብሽ ለምን ዝም አልሽ?"

"ባልሽ እኔን ቢያኮርፍ ሱቅ ይቀይራል። አንቺን ቢያኮርፍ የት ይገባል?"

ጉልበቷን ልስም ተነሳሁ። ክንዴን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ። "ቆይ አባዮ፣ አልጨረስኩም። ወላሂ፣ ባትናገሪ ኖሮ ይዤው ልሞት ነበር" አለች። "ግርማ በወሩ ሱቄ መጣ። በጋዜጣ የጠቀለለውን ፌሮ ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ጫፉ ላይ የቀለጠ ብርቱካንማ ላስቲክ ደርቆበታል። አይሻ፣ በድዬሻለሁ፣ ይቅር በዪኝ አለና አለቀሰ። እኔም፦ ተወው፣ ጀልባዋን አስደፍናት፣ ሚስትህን ይዘህ ና፣ መኪናው ይሄዳል አልኩት። መጀመሪያም የሁለታችሁን ቦታ ነበር የያዝኩት፤ እሷ ዳር ሆና ካላየችኝ ምን ያደርግልኛል ብሎኝ ነበር።"

"እሺ?" አልኩ።

"እምቢ አለ። አትንገሪያት፣ ራሷ ትነግረኛለች፤ የነገረችኝ ቀን አብረን እንሄዳለን አለኝ። መኪናው በወር አንዴ ነበር የሚወርደው። ሊወርድ ሲል ኮፍያውን አድርጎ ይመጣል። ነገረችህ? እለዋለሁ። ገና ናት ይለኛል። በቃ፣ መኪናው ይሄዳል።"

ባጃጁ ውጭ ጡሩምባውን ነፋ፣ ማስቲሹ ደርቆለታል። አይሻ እጄን አልለቀቀችም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀይ ባሕርን ለሰው ልጅ በጠመኔ ስዬ አሳየሁ። እስከ ዛሬ ባሕር አይቼ አላውቅም።